ካፕሱላ በዚያ ማዶ፣ ባሩድ በዚህ ማዶ

ልጅ እያለሁ የአባቴ አማርኛ እኔ ነበርኩ። ትግርኛውን ከእናቱ፣ ጣልያንኛውን ከሚሠራበት ጋራዥ ተምሯል፤ አማርኛ ግን ወደ አሥመራ በርትቶ የመጣው የእሱ ጸጉር ሸበት ማለት ከጀመረ በኋላ ነው። እኔ ደግሞ አራተኛ ክፍል ነበርኩ፤ የንባብ መጽሐፌን ከዳር እስከ ዳር በቃሌ እወጣዋለሁ። ስለዚህ ፖሊስ ወይም የመንግሥት ጸሐፊ ያለበት ጉዳይ ሲገጥመው እጄን ይዞ ይሄዳል። ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ተኩስ ሲወጣ የሚወስደኝም ለዚሁ ነበር።

ተኩስ ስል ጦርነት እንዳይመስላችሁ። የጋራዡ ባለቤት ሲኞር ኤንሪኮ የሚባል ሽማግሌ ጣልያን ነበር። ከአያቱ የወረሰው በአፈሙዙ በኩል የሚጎርስ አሮጌ ጠመንጃ ነበረው፤ እጁ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ለአባቴ ሰጠው። ይህ ጠመንጃ ዝም ብሎ አይተኮስም። መጀመሪያ ባሩዱ በአፉ ይፈስለታል፤ ከዚያ የእርሳስ እንክብሉ በሞራ በተቀባ ጨርቅ ተጠቅልሎ ይገባና በረጅም ዘንግ እስከ ታች ይጠቀጠቃል። በመጨረሻ ከኋላው፣ መዶሻው የሚመታበት ላይ፣ ካፕሱላ የምንላት ምስር የምታህል የመዳብ ቆብ ትደፋለታለች፤ ስትመታ ባሩዱን የምታቀጣጥለው እሷ ናት። ይህ ሁሉ የሚደረገው ወረቀት ለመብሳት ነው። ከቤት ጊዮርጊስ አለፍ ብሎ፣ ድንጋይ መፍለጥ በቀረበት አንድ የድንጋይ ካባ ውስጥ አባቴና ጥቂት ሽማግሌ ጣልያኖች ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ወረቀት ሲበሱ ይውላሉ።

አባቴ በዕቃው አቀማመጥ ላይ ቀልድ አያውቅም። ጠመንጃው ከአልጋ ሥር በፍላኔል ተጠቅልሎ ይተኛል። ካፕሱላው ቁም ሣጥኑ አናት ላይ፣ ከቅዱስ ሚካኤል ሥዕል ጀርባ ይቀመጣል። ባሩዱ ግን ቤት አይገባም፤ ግቢው ጥግ ባለችው የዕቃ ቤት፣ በቀይ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ይኖራል። የብስኩት ቆርቆሮው መንታ ነበረው። ሲኞር ኤንሪኮ በገና ሰሞን ሁለት አምጥቶልን ብስኩቱን እኛ ልጆቹ ስንጨርሰው አንዱን አባቴ ወሰደ፤ አንዱን እናቴ ለጥቁር አዝሙድ አደረገችው።

አጓጓዙም እንደ አቀማመጡ ነበር። ጠመንጃውን እናቴ ከአሮጌ መጋረጃ በሰፋችው ባለ አበባ ከረጢት ውስጥ አድርጎ ትከሻው ላይ ያነግተዋል። የባሩዱን ቆርቆሮ በቀኝ እጁ፣ ከሰውነቱ አርቆ፣ የሞላ ፖፖ እንደሚያወጣ ሰው ይይዘዋል። ካፕሱላውን የምይዘው እኔ ነኝ። ካፕሱላና ባሩድ ጎን ለጎን መሄድ ስለሌለባቸው ደግሞ አባቴ በመንገዱ በዚህ ዳር፣ እኔ በዚያ ዳር እንሄዳለን። የሚነግረኝ ነገር ሲኖረው ከማዶ ይጮሃል፤ እኔም በጋሪና በማኪና መሃል እየጮህኩ እመልሳለሁ። የማይ ጭሆት ሰፈር ሰው አባትና ልጅ የተኳረፉ መስሎት ሊያስታርቀን የመጣበት ጊዜ አለ።

ቤት ጊዮርጊስ ኬላ ላይ ሃምሳ አለቃ ይመር የሚባል የወሎ ሰው ይጠብቃል። የመጀመሪያው ቀን የፈቃዱን ወረቀት አይቶ ከረጢቱን አስፈታና ጠመንጃውን ወደ ላይም ወደ ታችም ሲያገላብጥ ቆየ። በኋላ አባትሽ በዚህ ጠመንጃ ሰው ቢመታ ሰውዬው በጥይት ነው ወይስ በዱላ ተመታ የሚባለው ብሎ ጠየቀኝ። ተረጎምኩለት። አባቴ ቅር ብሎት ጠመንጃውን ተቀብሎ ወደ ከረጢቱ መለሰው።

ልነግራችሁ ያሰብኩት ግን ታናሽ ወንድሜ ክርስትና ሊነሳ አንድ ቀን ሲቀረው የሆነውን ነው። አሞይ ለተብርሃን ከገጠር መጥታ ነበር። አሞይ እኛ ዘንድ የአባት እህት ናት። እናቴ አራስ ስለሆነች አሞይ የቤቱን ሥልጣን ጠቅልላ ያዘች፤ ጠዋት ተነስታ የዕቃ ቤቱን ስታጸዳም ከጨርቅና ከቅባት መሃል ጥቁር ፍሬ የሞላበት ቀይ ቆርቆሮ አገኘች። እንዲህ ያለ ነገር አፈር ላይ ይጣላል ወይ ብላ እያዘነች ወጥ ቤት አስገባችው። መንታው አጠገብ አስቀመጠችው።

ከምሳ በኋላ ሴቶቹ ወንድ ከእግራችን ሥር ይጥፋልን ሲሉ አባቴ ደስ እያለው ዕቃውን ሰበሰበ። ቆርቆሮውን ከቦታው ሲያጣ ተቆጣ፤ ወጥ ቤት መደርደሪያ ላይ ሲያየው ደግሞ የባሰ ተቆጣ። እሳት ካለበት ክፍል ውስጥ ባሩድ እያለ አንዱን ቆርቆሮ አፈፍ አድርጎ ወጣ። ክዳኑን አልከፈተም፤ ባሩድ ከቤት አጠገብ አይከፈትም የሚለው የራሱ ሕግ ነው።

ካባው ስንደርስ አጎረሰ፤ ጠቀጠቀ፤ ካፕሱላዋን ደፋ፤ አነጣጠረና ቃታውን ሳበ። ቿ ብላ ካፕሱላዋ ብቻዋን ጮኸች። ካፕሱላ ቀየረ፤ አሁንም ቿ። ጣልያኖቹ ምክር ማዋጣት ጀመሩ፤ አንዱ እርጥበት ነው አለ፤ አንዱ ቀዳዳው ተደፍኗል አለ። እንክብሉን በመንቀያ ካወጡት በኋላ፣ ሊያይ የመጣው ሲኞር ኤንሪኮ ጠመንጃውን ዘቅዝቆ የወጣውን መዳፉ ላይ ተቀበለ። አሸተተው። ከዚያ በምላሱ ቀመሰው።

«ይሄ ለዳቦ ነው» አለ በዚያ በተሰባበረ ትግርኛው። «ጥሩ ዳቦ ይወጣዋል።»

ሁሉም ሳቁ። አባቴም ከሁሉም በላይ ሳቀ፤ ጠመንጃውን ጥቁር አዝሙድ አጉርሼ እያለ ጉልበቱን መታ። ከዚያ በድንገት ሳቁ ፊቱ ላይ ደረቀ። እኔን አየኝ።

«አሞይሽ ዛሬ ምን እሠራለሁ ነው ያለችው?»

ሕምባሻ አልኩት። ለክርስትናው፣ ትልቁን፣ ፎርኖ ወስዳ የምታስጋግረውን።

ዕቃ መሰብሰብ የለም፤ ጠመንጃውን ብቻ እንደነገሩ ከረጢቱ ውስጥ ከትቶ ቁልቁል ሮጠ። እኔም ከኋላው። ያን ጊዜ አገሩ ጸጥ ያለ አይደለም፤ በየቆላው ሽፍታ አለ ይባላል፤ ጠመንጃ ይዞ ወደ ከተማ የሚሮጥ ሰው ደግሞ ለማንም ጥሩ አይመስልም። ኬላው ላይ ሃምሳ አለቃ ይመር እጁን ዘርግቶ አስቆመን። አባቴ እያለከለከ በትግርኛ፣ በጣልያንኛና በእጁ አወራ። ሃምሳ አለቃው ወደ እኔ ዞረ።

እኔ የማውቀው አማርኛ የመጽሐፍ አማርኛ ነው። እግሬን ገጥሜ ቆምኩና፣ «ክቡር ሆይ፣ ባሩዱ ከዳቦው ውስጥ ይገኛል» አልኩ።

ፊቱ ተለወጠ። ማን ነው ያስገባው አለ። አክስቴ አልኩ። አሁን የት ናት አለ። ዳቦ መጋገሪያ ቤት አልኩ፤ እሳቱ አጠገብ። ጉዳዩን ያብራራሁ መስሎኝ ነበር። ሃምሳ አለቃው ግን ወዲያው በመንገዱ የምታልፍ ሰይቸንቶ የምትባል ትንሽ ታክሲ አስቆመ፤ ባለታክሲውን አትናገር ብሎ ሁላችንንም ጫነን። ጠመንጃው አልገባ ብሎ አፈሙዙ በመስኮት ወጣ፤ የአሥመራ ሰው ከነባለ አበባ መጋረጃው ሲያልፍ አየው። አባቴ በዚያ ጭንቅ ውስጥ ሆኖ እንኳ እኔን ካፕሱላ ይዘሻል ብሎ ከጠመንጃው አርቆ ፊት ወንበር ላይ አስቀመጠኝ።

ፎርኖው ስንደርስ አሞይ ለተብርሃን ነጠላዋን አጣፍታ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ሕምባሻው ምድጃ ውስጥ ከገባ ቆይቷል። ሃምሳ አለቃው ሁሉም ሰው ይውጣ አለ፤ ሊጥ የተሸከሙት ሴቶች ተንጋግተው ወጡ። ጋጋሪው አቶ በየነ ግን የሌላ ሰው ዳቦ ይቃጠልብኛል ብሎ አልነቃነቅም አለ። አባቴ ረጅሙን የዳቦ አካፋ ከእጁ ነጠቀው። ከዚያ በትከሻው ገፍቶ አስወጣውና ብቻውን ምድጃው አፍ ላይ ቆመ። እኔ በበሩ ስንጥቅ አየው ነበር። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አይቻለሁ። ጸሎት ይሆናል። አባቴ ፈርቶ ያየሁት ያን ቀን ነው፤ ፈርቶ ግን አልሸሸም።

ሕምባሻው ወጣ። ክብ፣ ያበጠ፣ እዚህም እዚያም ግራጫ የነካካው፣ የተበላሸ እንቁላል የሚሸት ሕምባሻ ነው። አልፈነዳም። ባሩዱ ሊጥ ውስጥ ሟሙቶ ኖሮ ጨስ እንኳ አላለም። አባቴ ባልዲ ውኃ ውስጥ ከተተውና እዚያው መሬት ላይ ቁጭ አለ።

ሃምሳ አለቃው ኮስተር ብሎ አሞይን ምን አስበው ነው ይህን ያደረጉት አላት። ተረጎምኩላት። አሞይ ወንድሟን፣ ባልዲውን፣ ፖሊሱን በየተራ አየች። ሙያዋን ሊያዋርዱ የተሰበሰቡ ነበር የመሰላት።

«ጥቁር አዝሙዱ አልሸት አለኝ» አለች። «ሽታ ስላጣሁበት ደግሜ ጨመርኩበት።»

ይህንንም ቃል በቃል ተረጎምኩ። ሃምሳ አለቃ ይመር ኮስታራነቱን ሊይዝ ሞከረ፤ አልቻለም። ዱቄት ጆንያ ላይ ተቀምጦ ዓይኑ እስኪያነባ ሳቀ። ሲነሳ የሱሪው መቀመጫ ነጭ ሆኖ ነበር፤ ማንም አልነገረውም።

ያን ማታ አቶ በየነ ከራሱ ሊጥ ቆርሶ ሰጠ፤ ጎረቤቶች የጨመሩበትም አለ። ሕምባሻው ጥቁር አዝሙድ አልነበረበትም፤ የቤቱ ጥቁር አዝሙድ ሁሉ ካባው ውስጥ ቀርቷል። ሃምሳ አለቃው በማግስቱ በሲቪል ልብስ መጣና ከሽማግሌዎቹ ጋር ተቀመጠ። ሁለት ጊዜ ተቆርሶለት በላ፤ ከመጉረሱ በፊት ግን በትህትና አሸተተው። አሞይ አይታዋለች፤ በትግርኛ ያለችውን አልተረጎምኩም።

ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆየም፤ አገሩ ከረረ። ሃምሳ አለቃ ይመር ወደ ሌላ ቦታ ተዛወረ፤ በእሱ ቦታ ኬላው ላይ የመጡት ወጣቶች ከልጅ ጋር አይቀልዱም ነበር። የሲኞር ኤንሪኮ የእጅ መንቀጥቀጥ ሲብስበት ልጆቹ ወደ አገሩ ወሰዱት፤ አባቴም ጠመንጃውን አጽድቶና ቅባት ቀብቶ አብሮ ሸኘው። ከዚያ ወዲያ በከተማችን ጠመንጃ በየመንገዱ በዛ፤ ማንም ግን በመጋረጃ አልሸፈነውም።

አሁን የልጅ ልጆቼ ቅድመ አያታችን ወታደር ነበሩ ወይ እያሉ ይጠይቁኛል። ጠመንጃ ነበረው ስላልኳቸው ነው። አዳኝ ነበሩ ወይ ይላሉ። አይደለም እላቸዋለሁ። ስንት ዓመት ጠመንጃ ተሸክሞ ሲወጣና ሲገባ ወፍ እንኳ አልገደለም። ማታ ወደ ቤት የሚመለሰው በባሩድ የጠቆሩ እጆቹን ይዞ ነው፤ እናቴም ያንን በሳሙና ታስለቅቀው ነበር።