የአብዱልመጂድ የመስታወት ቤት

አብዱልመጂድን የማያውቅ የሸዋ ሮቢት ሰው ካለ ወይ ትናንት የመጣ ነው፣ ወይ ጆሮውን ይታከም። ሰውየው ደጁ ላይ ቆሞ ሲያወራ አስፋልቱን ተሻግሮ እኔ ሱቅ ውስጥ ይሰማል። ግንበኛ ነው። ለዓመታት አዲስ አበባ ላይ ፎቅ ሲሠራ ኖሮ ሚስቱን ኑርሃንንና ትንሿን ልጁን ናጅዋን ይዞ ተመለሰ። ሲመለስም እንደ ሰው ዝም ብሎ አልገባም፤ ከተማ ይዤላችሁ መጣሁ አለን።

ለምን እንደተመለሰ ስጠይቀው፣ “ፎቁን የምሠራው እኔ፣ ከፎቁ የምርቀውም እኔ” አለኝ። መጀመሪያ ሥራው አጠገብ ተከራይቶ ነበር። ሰፈሩ ሲያምር ኪራዩ ገፋው፤ ሌላ ሰፈር ገባ፤ ያም አማረና ገፋው። በመጨረሻ ከከተማው ዳር ደረሰ። ናጅዋ ስትነቃ እሱ የታክሲ ሰልፍ ላይ ነው፤ እሱ ሲገባ እሷ ተኝታለች። ልጄ የምታውቀኝ እሑድ እሑድ ብቻ ነበር ሲል ያ ትልቅ ድምፁ አነሰ።

ወዲያው ደግሞ ሞቅ አለ። “ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ! የአገሩን ሎሚ ሁሉ አዲስ አበባ ላይ ጭነን ለምን ጎበጠች እንላለን። አንዷን ሎሚ እኛ ብንይዝላትስ?”

ሎሚው ምግብ ቤት ነበር። ከአባቱ በወረሰው፣ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለው ቦታ ላይ ይሠራል፤ እጇ የሚጣፍጠው ኑርሃን ታበስላለች። ያሠሩት የነበሩት ኮንትራክተር ጋሼ አስፋው ግን ጎበዝ ሠራተኛ መልቀቅ አልፈለጉም። “እስከ አረፋ የሥራ ቦታህን ለማንም አልሰጥም። ካልሆነልህ ትመለሳለህ” ብለው አስማሉት። ኑርሃን ይህን ስትሰማ ለእኔ ብቻ፣ “ከተመለስንማ ናጅዋ አባቷን በፎቶ ነው የምታውቀው” አለችኝ።

ቤቱ ወጣ። ኧረ እንዴት ወጣ! ፊቱ ከላይ እስከ ታች መስታወት፣ ልክ እንደ አዲስ አበባው። ባጃጆች እሱ ጋ ሲደርሱ ቀስ ይላሉ፤ እኔም ልዋሽ አልችልም፣ ጠዋት ጠዋት ተሻግሬ ፀጉሬን አበጥርበት ነበር። ከተማችን እያደገች መሆኑን አይተን ደረታችንን ነፋን። አብዱልመጂድ መስታወቱን ከመንገድ ይከልልብኛል ብሎ ደጁ ላይ ያለውን ትልቅ የኒም ዛፍ ሊቆርጥ ሲነሳ ብቻ ኑርሃን መጥረቢያውን ነጠቀችው። “እሱ ከተቆረጠ ድስት አልጥድም።”

በሚያዝያ አንድ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ ተከፈተ። ሁልጊዜ ጀውሃ ከተማ ደርሰው የሚበሉ ሹፌሮች ሳይቀሩ መኪናቸውን አቁመው ገቡ። ቢስሚላህ ተባለ፤ ምግቡም ቀረበ። ጥቂት ቆይቶ ሙጂብ የሚባል የሽንኩርት ጫኝ መኪና ሹፌር፣ ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተጣብቆ፣ በአንድ እጁ ሳህኑን በአንድ እጁ ወንበሩን ይዞ ወጣና ኒሙ ሥር ተቀመጠ። “ምግቡ እሳት፣ ቤቱም እሳት። አንዱ ይበቃኛል” አለ። ሌላውም ተከተለው። ሰዉ ሁሉ ወንበር ተሸክሞ በሰልፍ ሲወጣ ቤት የሚለቅ ተከራይ ይመስል ነበር።

የቆላ ልጅ የቆላን ፀሐይ ረሳ! አዲስ አበባ ብርድ ነው፤ ፀሐይ እዚያ እንግዳ ናት፣ በመስታወት ትጋበዛለች። እዚህ ግን ባለቤቷ እሷ ናት። እኛስ ብንሆን ከፀሐይዋ ሳንወጣ ኖረን መስታወቱን ስናይ አብረን ሞኝ ሆንን። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ማለት ይህ ነው። አብዱልመጂድ ባዶው አዳራሽ መሃል ቆሞ ላቡ ይንጠባጠባል፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፁ መንገዱን አልተሻገረም። አዘንኩለት። አረፋ ቅርብ ነበር።

ኑርሃን ትሪዋን ይዛ ስታልፍ ቆም አለች።

“ሰዎቹ ሄዱ ወይስ ተቀመጡ?”

“ተቀመጡ” አላት።

“ታዲያ ምን ሆንክ?”

ወደ ኒሙ አየ። ሳህን እየተጠረገ፣ ሳቅ እየደራ ነው። ፊቱ ሲበራ እዚያው ኒሙ ሥር ሆኜ አየሁት።

በማግስቱ ጠዋት ለሰርግ እንደምናደርገው ሰፈሩን ለዳስ ጠራ። ሰርግ ሲሆን በእኛ አገር እስላም ክርስቲያን ሳይባል ቋሚውን የሚያቆም ያቆማል፣ ቅርንጫፉን የሚያለብስ ያለብሳል። ማን ሊዳር ነው ብዬ ብጠይቀው፣ “ቤቴ ከኒሙ ጋር” አለኝ። መስታወቱን አወለቀ፤ ዳሱን ከቤቱ አንስተን እስከ ኒሙ ዘረጋነው። ነፋሱ ከወዲያ ወዲህ ይመላለስ ጀመር። አንዲት ጠባብ ክፍል ብቻ ከነመስታወቷ ተወ፤ ለምን ስለው፣ “እንግዳ ይመጣባታል” ብሎ ሳቀ።

እንግዳው ለአረፋ ጥቂት ሲቀረው መጡ። ጋሼ አስፋው ሙሉ ልብስ ለብሰው ከመኪና ወረዱ። አብዱልመጂድ በትህትና፣ “ይግቡ ጋሼ፣ ለእርስዎ የአዲስ አበባ ክፍል አለን” ብሎ መስታወቷ ውስጥ አስቀመጣቸው። ሻዩ ሳይቀርብ ኮታቸውን አወለቁ። ሻዩ ሲቀርብ እሳቸው ዳሱ ውስጥ ነበሩ።

ኑርሃን የማሾ ወጥ አቀረበችላቸው። ናጅዋ ከትምህርት ቤት ለምሳ ገብታ አባቷ ጭን ላይ ወጣች፤ እሱ ሲያጎርሳት እሷ ስለሚያልፉት መኪኖች ታወራለት ጀመር። ኋላ ኑርሃን እንደነገረችኝ፣ ጋሼ አስፋው መብላቱን ትተው አዩዋቸው።

“ልወስድህ ነበር የመጣሁት” አሉ።

“አውቃለሁ ጋሼ።”

የጋሼ አስፋው ስልክ ጠራ፤ አይተው መልሰው ኪሳቸው ከተቱት። ከዚያ ቀና ብለው ኒሙን አዩ።

“እዚህ አካባቢ ለእኔም ዛፍ ያለበት ቦታ ይገኛል?”

አብዱልመጂድ የመለሰው ለእሳቸው አልነበረም። ናጅዋን እንደታቀፈ ብድግ ብሎ ወደ እኔ ጮኸ።

“ሌላ ሎሚ መጣ!”

ሱቄ ውስጥ ሆኜ ጥርት አድርጌ ሰማሁት።