አዋሽ ላይ የሰሰትኩት ሽቦ

ይህን ከአፌ አውጥቼው አላውቅም። ሚስቴም አታውቀውም። ፊደል የለየሁት በአርባ ዓመቴ ነው፤ መጻፍ ከቻልኩ ወዲህ ግን እጄ ሁሉንም ሲጽፍ ይህንን ብቻ ይሸሻል። አንተ የምታነበው፣ ስማኝ። እንድታዝንልኝ አይደለም።

የኒዮን ማስታወቂያ ሠራተኛ ነበርኩ። አዋሽ ሰባት ኪሎ፣ ሾፌሮች የሚያድሩበት አንድ ሆቴል ጣሪያ ላይ ማስታወቂያ ሰቀልኩ። ከትራንስፎርመሩ ወደ መስታወቱ ቱቦ የሚሄደው ኃይል ሰው ይጥላል። ሽቦው ለዚያ የተሠራ ወፍራም መሆን አለበት፤ ኧርዝ የምንለው ሽቦ ደግሞ ያመለጠ ኃይል ሰው ሳይነካ መሬት እንዲገባ የማስታወቂያውን ብረት ከመሬት ጋር ማገናኘት አለበት። ወፍራሙ ሽቦ ሻንጣዬ ውስጥ ነበረ። ሰመራ ለሚጠብቀኝ ትልቅ ሥራ ብዬ ሰሰትኩት። ተራ የቤት ሽቦ ቀጠልኩና በናስትሮ፣ በሽቦ ማሸጊያው ፕላስተር፣ ጠቀለልኩት። ኧርዙንም ሳላስረው እንደተንጠለጠለ ተውኩት። ለምን? ፀሐዩ አቃጠለኝ፣ ልወርድ ቸኮልኩ። ይኸው ነው።

ጣሪያው ላይ ዕቃዬን ስሰበስብ ሀዋ መጣች፤ ከወሎ መጥታ የሆቴሉን አንሶላ የምታጥብ ሴት ናት።

«ጋሼ፣ የልብስ ማስጫ ሽቦዬን እዚህ ብረት ላይ ባስረው ችግር የለውም?»

«እሰሪው። እንዲያውም እዚህ ፀሐዩ ቶሎ ያደርቅልሻል።»

«ካላደረቀ እርስዎን ነው የማሰጣዎት» ብላ ሳቀች።

ኧርዙን አለማሰሬን ረስቼው ነበር? አልረሳሁም። እያወቅሁ ነው እሰሪው ያልኳት።

በሳምንቱ ሲመሻሽ፣ ማስታወቂያው በርቶ ሳለ፣ እርጥብ አንሶላ ልትሰቅል ሽቦውን ነካች። ኃይሉ ከጣሪያው ወርውሮ ግቢው ውስጥ ጣላት። ቀኝ ክንዷ ተሰበረ፤ ጣቶቿ ከዚያ ወዲህ አልታጠፉም።

የሆቴሉ ሰዎች ከሰመራ ጠሩኝ። ብቻዬን ጣሪያው ላይ ወጣሁ። ኧርዙን አሰርኩ። ተራውን የቤት ሽቦ አውጥቼ በወፍራሙ ቀየርኩት። ከሰመራው ሥራ ተርፎኝ ነበር፤ ለሁለቱም ይበቃ ነበር። ከዚያ የሆቴሉን ባለቤት ጠርቼ ሥራዬ እንከን እንደሌለው አሳየሁት።

ስንወርድ ሀዋ ክንዷን በሻሽ አንጠልጥላ ግቢው ውስጥ ቆማለች።

«ጋሼ ናቸው እሰሪው ያሉኝ» አለች።

«እኔ? ማን እሰሪ አለሽ?» አልኳት። ዓይኗን እያየሁ።

ባለቤቱ እዚያው ከሥራ አሰናበታት። «አላህ ሰምቷል» አለችኝና ወጣች።

ያኔ ፊደል አለማወቄን ሰበብ ላደርገው አስቤ ነበር። ግን ሙያውን ያስተማረኝ ሰው ገና በመጀመሪያው ቀን «ኧርዙን ሳታስር ከመሰላል እንዳትወርድ» ብሎኛል። ጆሮ ነበረኝ።

የሰመራው ማስታወቂያ ዛሬም ይበራል፤ ሥራህ ጠንካራ ነው ይሉኛል። ሀዋ ወደ ሰመራ በሚወስደው መንገድ፣ ገዋኔ ከተማ፣ መንገድ ዳር በግራ እጇ ሻይ ትቀዳለች። ሁለት ጊዜ አይቻት ከመኪናው ሳልወርድ አልፌያለሁ።

ካንተ ይቅርታ አልጠይቅም፤ የተሰበረው ያንተ ክንድ አይደለም። ይቅር ማለት የምትችለው እሷ ናት፤ እሷ ደግሞ ማንበብ አትችልም። ይህን እያወቅሁ ነው በጽሑፍ የተናዘዝኩት። ይህም ሽሽት ነው። መውረድ ያለብኝ ገዋኔ ነበር።