ለይታይሽ የመረጥኩት ካርቡራተር

ባለፈው ሳምንት ኻርቱም፣ ሐጅ ዩሱፍ በሚባለው ሰፈር ካለችው ቤቴ በር ላይ አንድ ጎልማሳ ሱዳናዊ መጥቶ ቆመ። ጦርነቱ ደህና ደህናውን መኪና ወስዶና አቃጥሎ ስለጨረሰ፣ ሰው የአባቶቹን ሎሪ ከአቧራ እያወጣ ውኃና እህል ማመላለስ ይዟል። ይህም ሰው የአባቱን ሎሪ ሊያስነሳ ፈልጎ ሁለት ካርቡራተር በከረጢት ይዟል። «ያ ዐሚ፣ አጎቴ፣ የድሮ ሞተር ታውቃለህ አሉኝ፤ የትኛውን ልግጠም?» አለኝ። አገላብጬ አየኋቸውና «መዓሌሽ፣ ይቅርታ ልጄ፣ ዐይኔ ደክሟል» ብዬ መለስኩት። ዐይኔ ደህና ነው።

ይህ ጥያቄ ከብዙ ዓመት በፊትም ቀርቦልኝ ነበር፤ ያኔ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር። ግንቦት አልቆ ዝናብ ገና ያልጣለበት፣ ኻርቱም እንደ ምድጃ የምትግልበት፣ ከሰዓት በኋላ ሃቡብ የሚሉት ነፋስ ቀይ አቧራውን ተሸክሞ የሚመጣበት ወቅት ነው። ታናሽ እህቴ ይታይሽ እዚያው ኻርቱም፣ ሪያድ በሚባል ሰፈር አንድ ቪላ ውስጥ አራት ዓመት ሠርታ፣ ኩላሊቷ ሲታመም አሰናበቷት። ዘይነባ የምትባል የወሎ ልጅ፣ የሥራ ጓደኛዋ፣ ጀብራ ሰፈር በተከራየቻት አንዲት ክፍል ውስጥ አስተኛቻት። ሐኪሙ እኔን ለብቻዬ ጠርቶ ብዙ እንደማትቆይ ነገረኝ። እሷም ሳይነገራት ያወቀች ይመስለኛል፤ «እማዬን አንዴ ልያት» ከማለት በቀር ሌላ ነገር መጠየቅ ትታ ነበር። እናታችን ከገጠር ወርዳ መተማ ዘመድ ቤት እየጠበቀች እንደሆነ በሾፌር እጅ መልእክት ደርሶናል።

አውቶቡስ የሚታሰብ አልነበረም። ቁጭ ማለት አትችልም፤ የመኖሪያ ፈቃዷም፣ ኢቃማዋ፣ ጊዜው አልፏል። በመካኒክነት የምሠራላቸው ባለሎሪ ሐጅ ኢድሪስ ይህን ሲሰሙ፣ «በኔ ሎሪ ትሄዳለች። ፍራሽ ዘርግተን እናስተኛታለን። በየኬላው የሚያውቁኝ ናቸው» አሉ። ችግሩ ሎሪው መቆሙ ነው። ቤንዚኑን ከአየር ጋር ቀላቅሎ ለሞተሩ የሚመግበው ካርቡራተር ተሰንጥቆ ነበር፤ እንዲህ ላለ አሮጌ ሞተር ደግሞ መለዋወጫ እንደልብ አይገኝም።

ሐሙስ ጠዋት ከሐጂ ጋር ፉላችንን በሰሊጥ ዘይት በልተን ፍለጋ ወጣን። እስከ ቀትር ሁለት አገኘን። አንደኛው አዲስ ነው፤ ግን ለሌላ፣ ለትልቅ ሞተር የተሠራ። እንዲገጥም ከሥሩ ብረት ቆርጦ ማስገባት ብቻ ነው፤ እስከ ማታ ሎሪው ይነሳል። ሁለተኛው ኦምዱርማን ከወደቀ ሎሪ የተፈታ፣ የሞተሩ የራሱ ዓይነት ነው። እሱ ግን የአየሩን በር የሚከፍተው ዘንግ ተበልቶ ይንቀጠቀጣል። ቶርኖ ቤት፣ ብረት መቅረጫው ዘንድ፣ ገብቶ ቀለበት ካልተሠራለት አይሆንም። ቶርኖ ቤቱ ለዚያ ቀን ሥራ ሞልቶበታል፤ ዓርብ ደግሞ ዝግ ነው።

«ያላ፣ አዲሱን ግጠምና ነገ በጠዋት እንውጣ» አሉ ሐጂ።

«ሐጂ፣ ይኼ ቤንዚን ያበዛል፤ ሞተሩን ያንቀዋል። ከመደኒ ከተማ ወዲያ፣ ጥላ በሌለበት ሜዳ ላይ ይዞን ቢቆምስ? እሷን በዚያ ፀሐይ?»

ሐጂ ሁለቱንም ከፊቴ አስቀመጡ። «እህትህ ናት። አንተ ምረጥ» አሉኝ።

አሮጌውን መረጥኩ። ስለ እሷ አስቤ ነው፤ ይህን በእግዚአብሔር ፊትም እናገረዋለሁ። ግን ደግሞ በዚያ ዕድሜዬ በእጄ ሥራ የምኮራ፣ የማይገጥም ነገር መግጠም እንደ ስድብ የሚቆጠረኝ ሰው ነበርኩ። ለእሷ ማሰቤ ይሁን ኩራቴ፣ ከሁለቱ የትኛው እንደመረጠ እስከዛሬ ለይቼ አላውቅም።

ሐሙስ ማታውኑ ለይታይሽ ነገርኳት። ዘይነባ ግንባሯ ላይ እርጥብ ጨርቅ እያደረገችላት ነበር።

«ወንድምዓለም፣ ነገ አልነበረም?»

«እሑድ ነው። መንገድ ላይ እንዳንቆም ብዬ ነው።»

«ብንቆምም እኮ፣ ወደ እማዬ ስንሄድ ነው የምንቆመው» አለች። ከዚያ የተከፋሁ መስሏት ነው መሰለኝ፣ እጄን ያዘችና «ግድ የለም፣ አንተ ታውቃለህ» አለችኝ።

ቅዳሜ ቀኑን ሙሉ ከቶርኖው ባለሙያ ራስ ላይ አልተነሳሁም። ከነሐስ የተቆረጠችው ቀለበት ልክ ገባች፤ ዘንጉ መንቀጥቀጡን አቆመ። እሑድ ጠዋት ገጥሜ ሳስነሳው ሞተሩ በመጀመሪያው ያዘ። እንዲያ ያለ የተስተካከለ ድምፅ ከዚያ በፊትም ከዚያ ወዲህም አልሰማሁም። ሐጂ ትከሻዬን መታ አድርገው ሳቁ። በጭነቱ ቦታ ላይ ፍራሽ አንጥፈን፣ ሸራ ወጥረን፣ ውኃና ሎሚ ጭነን ከሐጂ ጋር ወደ ጀብራ ነዳሁ። ከበሩ ስደርስ ደስታዬ አላስችል ብሎኝ ጥሩንባውን ደጋግሜ ነፋሁ።

ዘይነባ ሁለት እጇን ጭንቅላቷ ላይ ጭና ወጣች።

የይታይሽ ነፍስ ከወጣች አንድ ሰዓት አልሞላም ነበር። ዘይነባ ፀጉሯን ሠርታላት፣ ለመንገድ ያስቀመጠችውን ነጭ ቀሚስ አልብሳት፣ ቀበቶዋን እያሰረችላት ሳለ ነው ያረፈችው። እግሯ ሥር ተደፍቼ ስጮኽ ውጭ ሞተሩ ይሠራ ነበር። ማጥፋት ረስቼዋለሁ። አንዴም ሳይንገጫገጭ፣ አንዴም ሳያስል፣ ሐጂ ወጥተው እስኪያጠፉት ድረስ ሠራ።

እዚያው ኻርቱም ቀበርናት። በሦስተኛው ቀን በዚያው ሎሪ፣ ልብሷን በሻንጣ ይዤ ወደ ድንበሩ ሄድኩ። ሎሪው የትም አልቆመም። እናቴ ከርቀት አይታን ነጠላዋን እያስተካከለች ሮጣ መጣች፤ ከኔ አልፋ ወደ ጭነቱ ቦታ አየች። ሐጂ አንገታቸውን ሲደፉ ገባት። ብዙ ካለቀሰች በኋላ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ።

«ተነሥታ ነበር? ወደ እኔ መንገድ ጀምራ ነበር?»

«አዎ እማዬ። መደኒን አልፈን ነበር» አልኳት።

«ተመስገን» አለች።

እናቴ ካረፈች ብዙ ዓመት ሆናት። በአገራችን የይታይሽ ስም የሚነሣው ወደ እናቷ ስትመጣ መንገድ ላይ ያረፈች ልጅ ተብሎ ነው፤ እኔም አላረምኩም። ሐጂም ዘይነባም የሉም፤ እውነቱ እኔ ጋ ብቻ ቀርቷል። ሐሙስ አዲሱን ገጥሜ ዓርብ ብንወጣም፣ በዚያ ሙቀት መተማ ላትደርስ ትችል ነበር። ይህን ለራሴ ያልነገርኩበት ቀን የለም። አንድም ቀን ግን አላመንኩትም።