የመጠምዘዣው ቀይ ጠብታ

ሰውየው ሚዛን ጠጋኝ ነው። ሥጋ ቤት፣ ፋርማሲ፣ መጋዘን፣ ወርቅ ቤት እየዞረ የተዛባውን ሚዛን ያቃናል፣ ያበቃለትንም እንዳበቃለት ቁርጡን ይናገራል። አስተካክሎ ሲጨርስ በማስተካከያው ብሎን ላይ አንዲት ጠብታ ቀይ ቀለም ጣል ያደርጋል። ቀለሙ ሲደርቅ ብሎኑን ከአካሉ ጋር አጣብቆ ይይዘዋል፤ ከዚያ በኋላ ብሎኑን የነካ ሰው ቀለሙን ሳይሰነጥቅ አያልፍም። ዓይኑን በጨው የታጠበ ነጋዴ «እኔ እጄንም አላስጠጋሁ» ብሎ ሲምል፣ ጠጋኙ ጎንበስ ብሎ ጠብታዋን ያያል። ከዚያ ወዲያ ክርክር የለም።

ሚስቱ «አባ ሚዛን» ትለዋለች። እሷ የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ነበረች፣ ልቧ እስኪያስቸግራት ድረስ። ያን ረጅም አውቶቡስ በጠባብ መታጠፊያ ስታዞረው ተሳፋሪ ወሬውን አቋርጦ የሚያያት ሴት ነበረች። አሁን ደረጃ ስትወጣ መሃል ላይ ቆማ፣ ቁልፍ እንደረሳ ሰው ቦርሳዋን ትፈትሻለች። ትንፋሿን እየሰበሰበች እንደሆነ እንዳይታወቅባት ነው።

ሐኪሙ ከልቧ በሮች አንዱ በደንብ እንደማይዘጋ የነገራቸው ቀን ሚስቱ አለቀሰች። እሱ ምንም አልተሰማውም። ጠንካራ ስለሆነ አይደለም፤ በቃ ምንም። ያየው የሐኪሙ ጠረጴዛ መወላገዱን ነው፤ አንዱ እግር ሥር የተደረገው ካርቶን ሸሽቷል። ሐኪሙ ስለ ቀዶ ጥገና ሲያስረዳ እሱ አጎንብሶ ካርቶኑን አጥፎ ወደ ቦታው ይመልስ ነበር።

«አሁኑኑ እንክፈት አልልም» አለ ሐኪሙ። «ቤት ውስጥ የሚቆም ብስክሌት ካገኛችሁ ቀስ እያለች ፔዳል ትምታ። ጉልበቷ እየጨመረ ከሄደ እንታገሣለን። እየቀነሰ ከሄደ ግን መጠበቁ አደጋ ነው። ለሚቀጥለው ቀጠሮ ሲመጡ እንዴት እንደሆነች ይነግሩኛል።»

ሌላ ባል ቢሆን ይህን ሰምቶ ቤቱ ሲገባ ሚስቱን ይጠይቃት ነበር። አባ ሚዛን ግን ሊለካት ተነሣ።

ከብስክሌት ጠጋኝ ወዳጁ ያገለገለ ማቆሚያ አመጣ። የብስክሌቱን የኋላ ጎማ ከወለል አንሥቶ የሚይዝ ብረት ነው፤ ጎማው ሲሽከረከር አንድ ዲስክ ያዞራል፣ ዲስኩን ደግሞ ማግኔቶች ወደኋላ ይይዙታል። በጎኑ ባለው መጠምዘዣ ማግኔቶቹ ሲጠጉ ፔዳሉ ይከብዳል፣ ሲርቁ ይቀላል። ቁጥር የሚባል ነገር ግን የለውም። ቁጥር የሌለው ነገር ደግሞ ለዚህ ሰው ቤት ውስጥ እንደገባ ባዕድ ነው።

በኋላው ጎማ ሽቦ ላይ ትንሽ ማግኔት አሰረ፣ ከጎኑም ዙሩን የሚቆጥር ሴንሰር ተከለ። ፍጥነቱ ታወቀ፤ ፍጥነት ግን ጉልበት አይደለም። ስለዚህ ሁሉንም ተሸክሞ የሕንፃው ደረጃ አናት ላይ አወጣው፤ በቸርኬው ላይ ገመድ ጠመጠመና የመፈተሻ ክብደቶቹን በደረጃው መሃል ቁልቁል ለቀቀ። ክብደቱ እኩል ፍጥነት ይዞ ሲወርድ፣ ይህን ያህል ኪሎ በዚህ ፍጥነት ከወረደ ይህን ያህል ዋት ነው እያለ አሰላ። ክብደት ቀይሮ ደገመው። የምድር ቤቷ ጎረቤት በሯን ስትከፍት ኪሎዎች አፍንጫዋ ሥር ተንጠልጥለው አየችና መልሳ ዘጋችው።

«ሰው ሚስቱ ስትታመም ብርቱካን ይገዛል» አለች ሚስቱ በሩን ተደግፋ። «የኔው ኪሎ ይጥላል።»

እሱ አልሳቀም። ስሌቱ እንዳይፋለስ መጠምዘዣው ከዚያች ቦታ ንቅንቅ ማለት የለበትም፤ ስለዚህ እጁ እንደለመደው ቀይ ጠብታውን ጣል አደረገበት። ከተጣለ የሱቅ ሚዛን የፈታውን የቁጥር ማሳያም በመሪው ላይ አሰረ።

ከሰዓት በኋላ ከሥራ ሲመለስ እሷ መስኮቱ አጠገብ ኮርቻው ላይ ትወጣለች። ታች አውቶቡስ ሲያልፍ በጆሮዋ ትከተለዋለች። «ሦስተኛ ማርሽ ላይ አስጮኸው። ጀማሪ ነው» ትላለች። እሱ አይሰማትም፤ ዓይኑ ቁጥሩ ላይ ነው። የመጀመሪያው ቀን ሃምሳ ግድም ነበር። አንዳንድ ቀን ዝቅ ሲል ፊቱን ቋጥሮ ሽቦ ሲነካካ ያመሻል። በኋላ ግን ቁጥሩ ቀስ በቀስ መውጣት ጀመረ። ቁጥሩ በወጣ ቀን ሻይ ያፈላል፣ ስለ ሥጋ ሻጩ ሙግት ያወራታል፣ አንዴማ ፈገግ ብሏል። በነዚያ ወራት በውስጡ የሚንቀሳቀስ ነገር ቢኖር ያ ቁጥር ብቻ ነበር። ሌላው ሁሉ እንደተኛበት ክንድ ደንዝዟል።

ለቀጠሮው አንድ ቀን ሲቀረው አላስችል አለው። ዲስኩ ሲግል የማግኔቱ አያያዝ ትንሽ ይላላል፤ ስለዚህ ስሌቱ በመጠኑ አብዝቶ ይናገራል። ይህን ይዞ ሐኪም ፊት መቅረብ ለእሱ ነውር ነው። ማግኔቶቹን የያዘውን ብሬክ ከእስሩ ፈትቶ በነፃነት እንዲዞር በኩሽኔታ ላይ አንጠለጠለው። ዲስኩ ሲዞር ብሬኩም አብሬ ልዙር ይላል፤ እንዳይዞር የሚያግደውን ክንድ ከሚዛን ባወጣው የክብደት ሴንሰር ላይ አሳረፈው። ከእንግዲህ ግፊቱ ራሱ ይለካል፣ ግምት አያስፈልግም።

«ደግሞ ይኼ ምንድን ነው?» አለች።

«ትክክለኛው።»

«የበፊቱስ?»

«የበፊቱ ግምት ነበር።»

አዲሱን ሽቦ በዓይኗ ተከተለች። «ዛሬ ባልመታስ?»

«ቀጠሮው ነገ አይደለም እንዴ? ኮርቻው ላይ ውጪ።»

ወጣች። አሮጌው ስሌት ሰባ ሁለት አለ። አዲሱ ሠላሳ አምስት።

የተሳሳተው አዲሱ መሆን አለበት። ሽቦዎቹን ነካካ፤ ደህና ናቸው። የመፈተሻ ክብደቱን ሴንሰሩ ላይ አንጠለጠለ፤ ልክ ነው። ክንዱን ለካ፣ ኩሽኔታውን አዞረ። እሷ ኮርቻው ላይ እንደተቀመጠች አናቱን ታያለች። በነጋዴ ሚዛን ላይ ቢሆን መጀመሪያ የሚያየውን ያየው መጨረሻ ላይ ነው። ጠብታዋ ታበራለች። የእሱ ቀለም ሲደርቅ ይደበዝዛል እንጂ አያበራም። በጥፍሩ ሲፍቃት ከሥሯ የተሰነጠቀ ሌላ ቀይ ወጣ፣ ከዚያም ሥር ሌላ።

«የጥፍር ቀለም ነው» አለ።

«ያንተን ቀለም የት እንደምትደብቀው አጣሁታ።»

«ለምን?»

«ቢላዋውን ፈርቼ ነው ብልህ ይሻል ነበር።» መሪውን እንደያዘች ወደ መስኮቱ ዞረች። «ቁጥሩ የወረደ ቀን ከሽቦው ጋር ነው የምታወራው። ሲወጣ ታወራኛለህ። መጠምዘዣውን ትንሽ ትንሽ አላላሁት፤ ሲቀልልኝ ጎማው ይፈጥናል፣ ቁጥሩም ይወጣል። በአንዴ ብዙ አይደለም።»

ሊቆጣ ፈለገ፤ ቁጣው አልመጣለትም። ጠብታዋን ሊያይ እንደተንበረከከ ቀርቷልና ዓይኑ ፔዳሉ ላይ አረፈ። እግሯ ላይ ያለው የእሱ ጫማ ነው። ክሩ እስከ መጨረሻው ላልቷል፤ ቁርጭምጭሚቷ ግን እንዳበጠ ከላይ ተርፎ ወጥቷል።

«ይኼ የኔ ጫማ ነው።»

«የኔማ እምቢ ካለኝ ቆየ። ስትፈልገው የነበረውም እሱን ነው። ለሰው አውሰኸው ይሆናል አልኩህና አመንከኝ።»

እጁን አንሥቶ የማሳያውን ሽቦ ነቀለ። ሁለቱም ቁጥሮች ጠፉ።

«ደከመሽ?» አለ።

እየቀለደ እንደሆነ ለማወቅ ፊቱን አየችው።

«በጣም» አለች። «ጋደም ስል ያፍነኛል። ከጀመረኝ ቆየ እኮ፣ ትራስ ደርድሬ ቁጭ ብዬ ነው የምተኛው። አንተ እንቅልፍህ ከባድ ነው።»

ያን ጊዜ ፈራ። ከዚያ ሁሉ ወር በኋላ መጀመሪያ የተሰማው ያ ፍርሃት ነው። ከኮርቻው ደግፎ አወረዳትና ጫማውን ቀስ ብሎ አወለቀላት።

በማግስቱ የሐኪሙ ጠረጴዛ እንደገና ተወላግዷል። ካርቶኑ እዚያው ወለሉ ላይ ወድቋል። እሱ አላጎነበሰም።

«እሺ፣ እንዴት ሆነች?» አለ ሐኪሙ። «ይለካኛል ብላኛለች፤ ቁጥሩን ይዘው መጡ?»

«የኔን ጫማ ነው የምታደርገው» አለ አባ ሚዛን። «ቁጭ ብላ ነው የምትተኛው።»

ሐኪሙ ብዕሩን አስቀመጠና ጎንበስ ብሎ እግሯን አየ።