የሰበርኳት ክሪስታል

ከአዲስ አበባ የመጣው አሠልጣኝ መጀመሪያ ያማረረው ሙቀታችንን ነው። ብርዳሙን ጣርማ በርን ሲያልፍ ጃኬት ለብሶ ነበር፤ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተለጥፏል። የፕሮቲን ክሪስታል ቀዝቃዛ ክፍል እንደሚፈልግ፣ የእኛ ቤተ ሙከራ ማቀዝቀዣ ግን መብራት በሄደ ቁጥር እንደሚቆም ደጋግሞ ነገረን። እንግዲያው ለምን መጣህ ልለው ቃጣኝ። በዕድሜ ልጄ ሊሆን ቢችልም ዶክተር ነውና ደብተሬን ገለጥኩ።

ክሪስታል ማብቀል ልንሠለጥን የተሰበሰብን ሰባት የባዮሎጂ አስተማሪዎች ነበርን። ሥራው ሲያዩት ቀላል ነው። ከእንቁላል ነጭ የወጣ ፕሮቲንና የጨው ውሃ በትንሽ መስታወት ላይ በአንድ ጠብታ ይቀላቀላል፤ ከዚያ መስታወቱ ተገልብጦ የጨው ውሃ ባለበት ትንሽ የፕላስቲክ ጉድጓድ ላይ ይከደናል። ውሃው ከጠብታው ቀስ ብሎ ሲወጣ ፕሮቲኑ ተሰባስቦ ክሪስታል ይሆናል። ቸኩሎ ከደረቀ ግን ጨው ብቻ ይቀራል። አየር እንዳይገባ የክዳኑን ዳር ቅባት ስስ አድርገን እንድንቀባ አዘዘን። ሌሎቹ የተባሉትን አደረጉ። እኔ የቆላ ሰው ነኝ፤ እዚህ አገር ውሃ እንዴት እንደሚጠፋ አውቃለሁ። ሁለት ጊዜ ደርቤ ደፈንኩት።

በሦስተኛው ቀን የስድስቱ ጠብታ ደርቆ ተገኘ። የእኔ ውስጥ አንዲት ክሪስታል ወጥታለች፤ በማይክሮስኮፕ ሳያት ጠርዟ ጥርት ያለ፣ የምታስጎመጅ። ጥሩ ክሪስታል ከተገኘ አሠልጣኙ ይዞት ሄዶ የፕሮቲኑን ቅርጽ በኤክስሬይ ሊያስነሳልን ቃል ገብቷል። ከደስታዬ ብዛት የምይዘው ጠፋኝ።

እሱ ጎንበስ ብሎ አንድ ጊዜ አየና «እትዬ፣ ይሄ ጨው ነው» አለኝ።

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። ተማሪዎቻችን ምንም የማይገባውን ልጅ «ጨው ነው» እንደሚሉት ሁላችንም እናውቃለን። እሱም ገባውና ፈገግ አለ። እኔን ግን አንገበገበኝ። አባቴ ከአፋር የሚመጣውን ጨው አሊዩ አምባ ገበያ ሲሸጥ የኖረ ሰው ነው። ጨው ላይ ተቀምጬ ነው ያደግኩት።

አይደለም አልኩት። የሁሉም ጠብታ ደርቆ የእኔ ብቻ ሊተርፍ እንደማይችል በትሕትና አስረዳኝ። መለያ መንገድ የለም ወይ ስለው፣ በቀጭን መርፌ መንካት ነው አለ፤ ጨው ከሆነ ጠቅ ብሎ ይሰነጠቃል፣ ፕሮቲን ከሆነ ይፈረፈራል። ከተሰበረ በኋላ ግን የሚወስደው ነገር አይኖርም፤ ሌላ እስኪበቅል እንዳይጠብቅ መኪናው ከሰዓት ይነሳል።

አጠገቤ የተቀመጠችው አስተማሪ ተይው፣ ፎቶ አንሥተሽ አስቀምጪው ብላ በክርኗ ጎሸም አደረገችኝ።

«መርፌውን ይስጡኝ» አልኩት።

ቢስሚላሂ ብዬ ክዳኑን አነሣሁ። መርፌው ሲነካት ድምፅ አልነበረም፤ እንደ አይብ ፍርፍር አለች።

አሠልጣኙ ጎንበስ ብሎ ፍርፋሪዋን በማይክሮስኮፕ አየ። «ፕሮቲን ነበረች» አለ። ይቅርታ ጠየቀኝ፤ ቅባቱን እንዴት እንደቀባሁትም ጠይቆ ደብተሩ ላይ ጻፈ። ከሰዓት በኋላ ባዶ እጁን ሄደ።

ከዚያ ወዲህ ብዙ አብቅያለሁ፤ እንደዚያች ያለች ግን አልወጣችልኝም። ትቆጨኛለች። ነገ መሳይዋ ብትወጣና አንዱ መጥቶ ጨው ነው ቢለኝ ግን፣ እሷንም እሰብራታለሁ።