የዳኛው ሹክሹክታ

ሮስኮ ፔቲት ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የነጻ ትግል ትርኢት ዳኛ ሆኖ ሲኖር፣ አንድም ቀን ስለ ሥራው ለእናቱ እውነቱን ነግሯት አያውቅም።

እናቱ ዩላ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ቴሌቪዥኑ ፊት ተቀምጣ፣ ታጋዮቹን በየስማቸው እየጠራች የምትሳደብ ሴት ናት። ልጇ ባለ ጥቁርና ነጭ መስመሩን ሸሚዝ ለብሶ መድረክ ላይ ከወጣ ወዲህማ ባሰባት። ትርኢቱ ባለቀ በማግስቱ፣ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ትደውላለች።

«አንተ ልጅ፣ ዓይንህን ምን ጋረደህ? ሰውየው በወንበር ሲፈነክተው አላየሁም ልትለኝ ነው?»

«አላየሁም እማዬ። ጫማዬን ሳስር ነበር።»

«እንግዲያው ክር የሌለው ጫማ ግዛ!»

ሮስኮ ይስቅና ወሬ ይለውጣል። ማን እንደሚያሸንፍ አስቀድሞ የተመከረበት መሆኑን፣ ዳኛውም ዞር የሚለው ዞር በል ስለተባለ መሆኑን ለውጭ ሰው መናገር በድሮዎቹ የሙያው ሰዎች ዘንድ ትልቅ ነውር ነበር። ያሠለጠነው ሽማግሌ በመጀመሪያው ቀን የነገረው ይህን ነው፦ «ሚስትህ ብትጠይቅህ አታውቅም። ቄስህ ቢጠይቅህም አታውቅም።» ዘመኑ ተለውጦ ወጣቶቹ ምስጢሩን በየአደባባዩ ሲያወሩት እንኳ፣ ሮስኮ በድሮው ሕግ ጸና። ለእናቱ ደስታ ሲል እንደሆነ ለራሱ ይነግረው ነበር። ግማሹ እውነት ነው። ሌላው ግማሽ ሌስተር ነው።

ሌስተር የእናቱ ታናሽ ወንድም፣ አፉ የማያርፍ የቧንቧ ሠራተኛ ነበር። ከሃያ ስድስት ዓመት በፊት፣ በምስጋና ቀን በዓል፣ ለማዕዱ የተጠበሰው ተርኪ ዶሮ ገና ሳይቆረስ፣ «ዩልዬ፣ ያ ሁሉ እኮ ድራማ ነው። ይሄ ልጅሽ አብሮ እየዋሸሽ ነው፤ በይ ጠይቂው» አላት። ቢላዋውን እንደያዘች ወደ ልጇ ዞረች።

«ሮስኮ፣ እውነቱን ነው?»

ሮስኮ ዓይኑን ከሳህኑ ሳይነቅል፣ «እኔ ያየሁትን ነው የምዳኘው» አለ።

ሌስተር የእህቱ ልጅ ሌላ ነገር ይናገር እንደሆነ ጥቂት ጠበቀው። ከዚያ ኮፍያውን አነሣ። እናቱ ከኋላው፣ «ልጄን ውሸታም ያለ ሰው ደጄን አይረግጥም!» ብላ ጮኸች፤ አልረገጠምም። ባለፈው ታኅሣሥ ሲሞት ቀብሩ ላይ አልቆመችም።

ከዚያ ወረርሽኙ መጣ። በዓመት አንዴ የሚደረገው ትልቁ ትርኢት ታምፓ ከተማ ስታዲየም ውስጥ ሊሆን፣ ስድሳ ሺህ ሰው ትኬት ቆርጦ ሲጠብቅ፣ መሰብሰብ ተከለከለ። ድርጅቱ ግን ቀኑን አልሰርዝም አለ። ታጋዮቹ በሚለማመዱበት የቆርቆሮ አዳራሽ፣ አንድም ተመልካች ሳይገባ፣ በቀጥታ ይተላለፍ ተባለ። በር ላይ የእያንዳንዱ ሰው የግንባር ሙቀት እየተለካ ተገባ።

ዩላ የምትኖርበት የአረጋውያን መጦሪያም በሩን ለጠያቂ ከዘጋ ሦስት ሳምንት ሆኖት ነበር። «አሁንስ የማይህ በቴሌቪዥን ብቻ ሆነ» አለችው በስልክ። «ስለዚህ ዓይንህን ግለጥና በደንብ ዳኝ።»

የመጨረሻው ግጥሚያ የሻምፒዮንነቱን ቀበቶ በያዘው በብራንትና በዋይሊ መካከል ነበር። ሮስኮ ጆሮው ውስጥ በተሰካችው ትንሽ ማዳመጫ የአዘጋጁን ትእዛዝ ይሰማል። አንዱ ሲወድቅ የተጎዳ እንደሆነ የሚያይ መስሎ ይንበረከክና መልእክቱን ያደርሳል። ሠላሳ አንድ ዓመት የሕዝቡ ጩኸት እንደ ጋቢ ሲሸፍነው ኖሯል። ጩኸቱን በልጦ ለመሰማትም ድምፁን ከፍ ማድረግ ለምዷል፤ እሱ ሹክሹክታ የሚለው ነገር ከጊዜ ብዛት ጩኸት መሆኑን ማንም ነግሮት አያውቅም።

«ሁለት ደቂቃ» አለ የአዘጋጁ ድምፅ። ሮስኮ ዋይሊ አጠገብ ተንበረከከ።

«ዋይሊ፣ ሁለት ደቂቃ ቀርቷል! እኔ ዞር እላለሁ፣ በወንበር ይመታሃል፣ ከዚያ ተኝተህ ቅር!»

ድምፁ ቆርቆሮውን መትቶ ተመለሰ። ካሜራ ያዡ ቀና አለ። ብራንት ወንበሩን ገና ሳያነሣ፣ እንደ ተያዘ ሌባ እጁን ዘርግቶ ቀረ። ዋይሊ አፉን ከወለሉ ሳያላቅቅ፣ «አንተ ሰውዬ፣ ሰው እኮ የለም» አለ ቀስ ብሎ።

ሮስኮ ፊቱ ጋለ። ምድር ተከፍታ ብትውጠው በወደደ ነበር። ግን ሥራ ነውና ዞር አለ። ከኋላው ወንበሩ የዋይሊ ጀርባ ላይ ሲያርፍ ሰማ። ተመልሶ በወደቀው ዋይሊ ላይ እስከ ሦስት ቆጠረ፤ መዳፉ ወለሉን ሲመታ ከሚያሰማው ሌላ የሚሰማ ነገር አልነበረም።

መልበሻ ክፍል ውስጥ ዋይሊ ፎጣ ወረወረበት። «ከመጀመሪያው ደቂቃ ለተመልካቹ ብትነግረው ኖሮ እኮ እኛም ባልደከምን!» ሁሉም ሳቁ። በየስልኩ አገሩ ሁሉ እየሳቀ መሆኑንም ነገሩት። ሮስኮ የሚያስበው አንዲት የሰማንያ አራት ዓመት ሴት የተቀመጠችበትን ክፍል ብቻ ነበር።

በማግስቱ ሁለት ሰዓት ላይ ስልኩ አልጮኸም። እስከ አራት ጠብቆ መኪናውን አስነሣ። መንገድ ላይ ሰበብ አዘጋጀ፦ በወረርሽኙ ምክንያት፣ ሰው እንዳይጎዳ፣ ለዚች አንድ ቀን ብቻ ተነጋግረን ነው ሊላት። ጥሩ ሰበብ ነበር። እናቱ ታምነዋለች።

ጠያቂዎች ከሕንጻው ውጭ፣ የአበባው መደብ ላይ ቆመው፣ በየመስኮቱ ስልክ ይዘው ያወራሉ። አስታማሚዋ ዩላን በተሽከርካሪ ወንበር ወደ መስኮቱ አቀረበችለት።

«ሰማሁህ» አለች ዩላ በስልኩ።

«አዳራሹ ባዶ መሆኑን ረሳሁት፣ እማዬ።»

«እሱን አልጠየቅሁህም። ሌስተር እውነቱን ነበር?»

ሰበቡ ምላሱ ላይ ደርሶ ነበር። መስታወቱ ውስጥ፣ በእናቱ ፊት ላይ፣ የራሱን ፊት አየ።

«እውነቱን ነበር።»

«ያን ቀን ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

 «እኔ እኮ ለትግሉ ብዬ አልነበረም። አንተን ውሸታም ስላለህ ነው ወንድሜን ያባረርኩት።»

ሮስኮ መዳፉን መስታወቱ ላይ አሳረፈ። እሷ እጇን ከጭኗ አላነሣችም።

«አንሣ፣ ታቆሽሸዋለህ። ይልቅ ለሌስተር ሚስት፣ ለኖርማ ደውል። አሁን፣ እኔ እያየሁህ።»

«ምን ልበላት?»

«ለእኔ ያልከውን። ጮኸህ ንገራት፣ ጆሮዋ ከብዷል።»

ደወለ። በየመስኮቱ የቆሙት ሰዎች ይሰሙታል። አንገቱን ደፍቶ ጀመረ።

«አክስቴ፣ ሮስኮ ነኝ።»

«ማን?»

«ሮስኮ! የዩላ ልጅ! ሌስተር ያን ቀን እውነቱን ነበር! እኔ ነኝ የዋሸሁት!»

የጎረቤት መስኮቶች ወሬ ተቋረጠ። አንዲት ሴት ዞራ አየችውና ቶሎ ፊቷን መለሰች።

 «ይህን ታኅሣሥ ላይ፣ ሳይሞት ብትለው ምን ነበረበት?» አለች ኖርማ። «ትደውላላችሁ ብሎ ስልኩን ትራሱ ሥር አኑሮ ነበር።» ዘጋችው።

ከመስታወቱ ወዲያ እናቱ፣ «ምን አለች?» ስትል ከንፈሯን አየ። የእናቱን ቁጥር መታ፣ ስልኩን እስክታነሣ ጠበቀ፣ ከዚያ ኖርማ ያለችውን ቃል በቃል ነገራት።