የተጠረገው ዳርቻ

አውሎ ነፋሱ በአሜሪካ የሉዊዚያናን የባሕር ጠረፍ ካፈራረሰ በኋላ፣ የባሕር ወፎችን የሚንከባከብ ማኅበር ቆርቆሮውንና የተሰባበረውን ጀልባ ሁሉ ከዳርቻው ለቀመ። ሽሪምፕ የሚባለውን ትንሽ የባሕር እንስሳ በመረብ ሲያጠምድ የኖረው ጡረተኛው አልሲድ ግን ልቡ አልረካም። የባሕር ወፎቹ እንቁላል ጥለው ለመፈልፈል ሲመለሱ ዳርቻው እንደ ሙሽራ ቤት እንዲጠብቃቸው ብሎ፣ የዛጎሉን ስባሪ ብቻውን ጠርጎ አሸዋውን አለሰለሰው።

ወፎቹ መጡ። አንዣበቡ፣ ጮኹ፣ ሳያርፉ ሄዱ።

“ዛጎሉን ማን ወሰደው?” አለች የማኅበሩ መሪ ዩላሊ።

“እኔ ነኝ። ቆሻሻ መስሎኝ።”

“ውይ ጋሼ አልሲድ! እንቁላላቸውን የሚሸሽጉት እኮ እሱ መሃል ነው። የራስዎን ቤት እንኳ ጠርገው የማያውቁ ሰውዬ!”

ሊስቅ ሞከረ፤ አልሆነለትም። “አሁን ብመልሰውስ?”

“ዘንድሮስ አይመለሱም፤ ለከርሞ ነው እንግዲህ” አለች ቀስ ብላ።

አልሲድ ወፎቹን ስድሳ ዓመት መረቡን ተከትለው ሲበሩ አይቷቸዋል፤ የት እንደሚፈለፍሉ ግን አንድ ቀን እንኳ ጠይቆ አያውቅም።

“አውሎ ነፋሱ እንኳ የተወላቸውን” አለ፣ “እኔ ወሰድኩባቸው።”